ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?

የልጅዎ የሳይንስ ውጤት፦ ከማዕድ ቤት እስከ ፖሊሲ

ዛሬ ማታ እራት ሲቀርብ ልጅዎን አንድ ጥያቄ ይጠይቁት። “ውሃ በስንት ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል?” 5ኛ ወይም 6ኛ ክፍል የደረሰ ከሆነ ብዙም ሳያስብ ይመልስልዎታል። “መቶ!” እርስዎም ጎበዝ ይሉታል፤ መምህሩም ሙሉ ማርክ ይሰጡታል።

አሁን ደግሞ ምድጃው ላይ ድስት ይጣዱና አንድ ላይ በቴርሞሜትር ይለኩት። የሚኖሩት አዲስ አበባ ከሆነ ውሃው ሲንተከተክ ቴርሞሜትሩ የሚያሳየው 92 አካባቢ ነው። እሳቱን የቱንም ያህል ቢጨምሩ ከዚያ ንቅንቅ አይልም። ቴርሞሜትሩ አልተበላሸም፤ ልጅዎም አልዋሸም። መቶ ዲግሪ ትክክል የሚሆነው በባሕር ወለል ከፍታ ላይ፣ ለምሳሌ ጅቡቲ ወደብ ላይ ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ዝቅ ያለ ነው። ከፍታው 300 ሜትር ያህል በጨመረ ቁጥር ውሃ የሚፈላበት ሙቀት በአንድ ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ሽምብራና ባቄላ በእኛ ከተማ ቶሎ አልበስል የሚሉት፣ ክዳኑ በእንፋሎት የሚያፏጨው ድስት የሚገላግለንም በዚሁ ምክንያት ነው።

“ታዲያ በ8 ዲግሪ ልዩነት ምን ይመጣል?” ይሉ ይሆናል። ልጅዎ ለዓመታት የተሸመደደ መልስ ሲሰጥ ኖሮ አንድም ቀን ራሱ ለክቶ አያውቅም ይሆናል። የሀገራችን ተማሪዎች የሳይንስ ውጤት ዋና ችግር ያለውም በዚህ በቃል በተያዘው “መቶ” እና በተለካው “92” መካከል ነው።

ቁጥሮቹ የነገሩን

ጥር 2015 ዓ.ም የተሰማው ዜና ሳይረሳዎት አይቀርም። የ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተጉዘው የተፈተኑበት ነበር። ዓላማው ኩረጃንና የፈተና መሰረቅን ማስቆም ነበር። ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በተፈጥሮ ሳይንስ ዘርፍ ከተቀመጡት ውስጥ ያለፉት ከመቶ ሰባት አይሞሉም ነበር፤ በማኅበራዊ ሳይንስ ደግሞ ከመቶ ሁለት እንኳ አልደረሱም።

በቀጣዩ ዓመት ውጤቱ 3.2 በመቶ ሆነ። በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ደግሞ ወደ 8.4 በመቶ ከፍ አለ። መሻሻሉ መሻሻል ነው። ሆኖም ከአሥር ተማሪዎች ዘጠኙ ግማሹን ማምጣት የማይችሉበት ሥርዓት ልጆቻችንን አዘጋጅቷል ለማለት ይከብዳል።

ይህ የፈተና ለውጥ ትልቅ የፖሊሲ ውሳኔ ነበር። ቀድሞ የማለፊያው ነጥብ በየዓመቱ ከፍና ዝቅ ይል ስለነበር፣ እውነተኛው ደረጃ ምን እንደሆነ ወላጅ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረም። አሁን እናውቃለን። ቴርሞሜትሩ ተስተካክሏል ማለት ነው። ነገር ግን ቴርሞሜትር የውሃውን ሙቀት ይናገራል እንጂ ውሃውን አያሞቅም። ውሃውን የሚያሞቀው በክፍል ውስጥ፣ ከ12ኛ ክፍል ብዙ ዓመታት ቀደም ብሎ የሚሆነው ነገር ነው።

“የኔ ልጅ የግል ትምህርት ቤት ነው የሚማረው፤ ይህ እኔን አይመለከተኝም” ብለው ከሆነ ትንሽ ይታገሱ። ፈተናው አንድ ነው። የመሸምደድ ልማዱም ቢሆን በግቢው ውበትና በክፍያው መጠን የሚታገድ አይደለም።

እኛም የፕላዝማ ልጆች ነበርን

ዛሬ ልጅ የሚያሳድጉ ብዙ የከተማ ወላጆች የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን የተማሩት በፕላዝማ ነው። ከ1997 ዓ.ም አካባቢ ጀምሮ የሳይንስና የሒሳብ ትምህርት በሳተላይት ወደየክፍሉ ይገባ ነበር። ያን ጊዜ ያስታውሳሉ? መምህሩ ለጥቂት ደቂቃ ትምህርቱን ያስተዋውቃሉ፤ ከዚያ ስክሪኑ ላይ ያሉት አስተማሪ ለጆሯችን እንግዳ በሆነ እንግሊዝኛ ይነጉዳሉ። “አሁን ይህን ጥያቄ ሥሩ” ብለው ትንሽ ጊዜ ይሰጣሉ፤ ደብተራችንን ሳንገልጥ መልሱን ይነግሩናል። እጅ አውጥቶ “አልገባኝም፣ ይደገምልኝ” ማለት አይቻልም። መብራት ከጠፋ ደግሞ የዚያ ቀን ኬሚስትሪ ከመብራቱ ጋር ሄደ።

ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ገጠር ያለውም ከተማ ያለውም ተማሪ እኩል ትምህርት ያግኝ ነበር የተባለው። በስክሪኑ ላይ የሚታዩት ሙከራዎችም አብዛኛው ትምህርት ቤት በራሱ ሊሠራቸው የማይችላቸው ነበሩ። ችግሩ ተማሪው ሙከራውን እንደ ፊልም ማየቱ ነበር። መምህሩም የገዛ ክፍላቸው እንግዳ ሆኑ።

ከዚያ በ2000 ዓ.ም 70/30 መጣ። ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡት ሰባ በመቶው የተፈጥሮ ሳይንስና ኢንጂነሪንግ እንዲማሩ ተወሰነ። ሀገር መሐንዲስና ሐኪም ያስፈልጋታል፤ ይህ አያከራክርም። ነገር ግን ፖሊሲው የመደበው የዩኒቨርሲቲ ወንበር ነው፤ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ልጅ 7ኛ ክፍል እያለ ማግኔት ነክቶ ያውቅ እንደሆነ አልጠየቀም። የ2014ቱ ፈተና ሲደርስ በማኅበራዊ ሳይንስ የተቀመጡት ተማሪዎች በተፈጥሮ ሳይንስ ከተቀመጡት በልጠው ተገኙ። ኮታ በላይኛው በር ላይ ይሠራል፤ ልጁ ሳይንስን የሚወደው ወይም የሚጠላው ግን በታችኛው በር ሲገባ ነው።

“ውሃውስ የት ገባ?”

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ልጅዎ ለፈተና ስታጠና ያዳምጧት። “ኢቫፖሬሽን ኢዝ ዘ ፕሮሰስ…” እያለች ትወጣዋለች፤ አንዲት ቃል አትስትም። እርስዎም ደስ ይልዎታል። ለዚህ ነው የሚከፍሉት።

አሁን ገመድ ላይ የተሰጣውን ልብስ ያሳዩዋት። “የኔ ቆንጆ፣ ጠዋት ልብሱ ይንጠባጠብ ነበር፤ አሁን ደርቋል። ውሃው የት ሄደ?”

“ደረቀ እማዬ።”

“እኮ፣ ውሃውስ የት ገባ?”

ዝም ካለች ያጠናችው ትነትን ሳይሆን እንግሊዝኛውን ነው።

በ1986 ዓ.ም የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች የመጀመሪያ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ፈቀደ። ወደ እንግሊዝኛ የሚሻገሩበት ጊዜ ግን እንደየክልሉ ይለያያል። አዲስ አበባ ላይ ሳይንስና ሒሳብ በእንግሊዝኛ የሚሰጡት ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ነው። ኦሮሚያ ላይ እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ይማራሉ። ከ9ኛ በኋላ ሁሉም እንግሊዝኛ ነው። ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች ደግሞ ከታች ክፍል ጀምረው በእንግሊዝኛ ያስተምራሉ፤ ወላጅም ትምህርት ቤት ሲመርጥ መጀመሪያ የሚያየው ይህንኑ ነው።

እንግሊዝኛ ያስፈልጋል፤ ከዩኒቨርሲቲ እስከ ሥራ ያለ እርሱ አይሆንም። ጥያቄው ቅደም ተከተሉ ነው። ሐሳቡን በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ የጨበጠ ልጅ አዲሱን ቃል ለመማር ደቂቃዎች ይበቁታል። ቃሉን ብቻ የያዘ ልጅ ግን ሐሳቡን የሚሰቅልበት ቦታ የለውም። ስለዚህ ሽግግሩ በአንድ ክረምት ገደል የሚሻገሩት መሆን የለበትም። የ6ኛና የ7ኛ ክፍል ተማሪ “ትነት”ንና “ኢቫፖሬሽን”ን፣ “ግፊት”ንና “ፕሬሸር”ን ጎን ለጎን እያየ፣ መምህሩም በሁለቱም ቋንቋ እያብራሩለት ቢሻገር ምንም አይጎድልበትም። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ግቢ ውስጥ አማርኛ የተናገረ ልጅ የሚቀጣበት ልማድ የሚጎዳውም እዚህ ላይ ነው። ልጁ ያልገባውን ነገር በሚያውቀው ቋንቋ እንዳይጠይቅ አፉን ይይዘዋል።

ያልተፈተነ ነገር አይጠናም

በ2015 ዓ.ም አዲስ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ጸድቋል። አወቃቀሩም ተቀይሯል፦ እስከ 6ኛ የመጀመሪያ ደረጃ፣ 7ኛና 8ኛ መካከለኛ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ሁለተኛ ደረጃ። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት 7ኛና 8ኛ ክፍል ላይ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ተለያይተው ሳይሆን “አጠቃላይ ሳይንስ” ተብለው አንድ ላይ ይሰጣሉ። ይህ ጥሩ እርምጃ ነው። ለ13 ዓመት ልጅ ተፈጥሮ በሦስት ደብተር የተከፋፈለች አይደለችም። መጻሕፍቱም ተግባራዊ ሥራዎችን ይዘዋል።

ነገር ግን የ12ኛ ክፍሉን ፈተና ይመልከቱ። ከሀ እስከ መ ምርጫ ማጥቆር ነው። አንድ ተማሪ ቢከር በእጁ ሳይነካ፣ ማይክሮስኮፕ ውስጥ ሳያይ፣ አምፖልና ባትሪ ሳያገናኝ በፊዚክስ፣ በኬሚስትሪና በባዮሎጂ ከፍተኛ ውጤት ሊያመጣ ይችላል። ርዕሰ መምህሩ ይህን ያውቃሉ። መምህሩም ያውቃሉ። ስለዚህ ጊዜ ሲጠብና በጀት ሲያንስ መጀመሪያ የሚዘለለው የቤተ ሙከራው ክፍለ ጊዜ ነው፤ የሚጨመረው ወርክሺት ነው። እነርሱን መውቀስ ይቀላል። እኛም ብንሆን በመዝገቡ መጨረሻ ላይ ያለውን ቁጥር እንጂ ሌላ አንጠይቅም።

ጎረቤታችን ኬንያ በዚህ በኩል ሌላ መንገድ ሄዳለች። በሁለተኛ ደረጃ ማጠቃለያ ፈተናዋ ለፊዚክስ፣ ለኬሚስትሪና ለባዮሎጂ ከጽሑፍ ፈተናው ሌላ የተግባር ወረቀት አለ። ተማሪው በፈተናው ቀን ጠረጴዛው ላይ የተቀመጡለትን ዕቃዎች ተጠቅሞ ይለካል፣ ይቀላቅላል፣ ያየውን ይመዘግባል፣ ግራፍ ይሠራል። በመሆኑም ድሃ የሆነ ትምህርት ቤት እንኳ ትንሽም ብትሆን ቤተ ሙከራ ለማዘጋጀት ይገደዳል። ኬንያ ሁሉንም ችግሯን ፈታች ማለት አይደለም፤ የዕቃ እጥረትም አለ፤ ዝግጅቱም ወጪ ይጠይቃል። ግን መርሑ ግልጽ ነው፦ ፈተና ላይ ያለ ነገር ክፍል ውስጥ ይገባል።

በዚያው ሀገር እ.ኤ.አ. በ1998 በጃፓን ድጋፍ የተጀመረው የሳይንስና የሒሳብ መምህራን ሥልጠና ሌላ ትምህርት ይሰጠናል። መምህራኑ የሠለጠኑት ዕቃ እስኪገዛ እንዳይጠብቁ ነው፤ በአካባቢው ከሚገኝ ነገር ሙከራ እንዲሠሩ፣ ከመናገራቸው በፊት ተማሪው እጁን እንዲያስገባ። በላስቲክ ጠርሙስ የአየር ግፊት ይታያል፤ በሎሚ፣ በሚስማርና በመዳብ ሽቦ ኤሌክትሪክ ይገኛል።

መምህሩን ማን ያስብላቸው?

የሁሉም ፖሊሲ መጨረሻ አንድ ሰው ነው፦ ጥቁር ሰሌዳው ፊት የሚቆሙት መምህር። ለዓመታት የመጀመሪያ ደረጃ መምህር የሚሆኑት ከ10ኛ ክፍል በኋላ ወደ መምህራን ኮሌጅ የሚገቡ ልጆች ነበሩ። ከፍተኛ ውጤት ያመጣው ወደ መሰናዶ ይሄዳል፤ የቀረው ወደ መምህርነት። ከዚያ ውስጥ ድንቅ መምህራን ወጥተዋል፤ ለብዙዎቻችን ባለውለታ ናቸው። ሆኖም ሀገሪቱ ስለ መምህርነት ምን ታስብ እንደነበር ምርጫው ራሱ ይናገራል። ዛሬም ፊዚክስ በደንብ የገባው ወጣት ደሞዙን ሲያይ ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳል።

ቬትናም ሀብታም ሀገር ሳትሆን እ.ኤ.አ. በ2012 ፒሳ በተባለው ዓለም አቀፍ ፈተና የ15 ዓመት ተማሪዎቿ በሳይንስ 528 ነጥብ አመጡ፤ የበለጸጉት ሀገሮች አማካይ 501 ነበር። በዚያ ዕድሜ ከትምህርት ውጪ የሆኑ ልጆች በፈተናው እንዳልተካተቱ መርሳት የለብንም። ቢሆንም ተመራማሪዎች ምክንያቱን ሲፈልጉ ደጋግመው የሚያነሱት የሕንጻዎቹን ውበት አይደለም። መምህሩ ከክፍል አይቀሩም፤ ሥራቸው ይታያል፤ ይታገዛል፤ ወላጅም በቅርብ ይከታተላል ይላሉ።

በወላጆች ስብሰባ ላይ

ፖሊሲ የሚወጣው ከእርስዎ ሳሎን ርቆ ነው። ትምህርት ቤቱ ግን የወላጅን ጥያቄ ይሰማል፤ በተለይ ብዙ ወላጅ አንድ ዓይነት ጥያቄ ሲያነሳ። ብዙ ጊዜ በስብሰባ ላይ የምናነሳው ስለ ሰርቪስ፣ ስለ ዩኒፎርምና ስለ ክፍያ ጭማሪ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ እነዚህን ይጨምሩ፦

• ልጄ በዚህ ሴሚስተር ስንት ጊዜ ቤተ ሙከራ ገባ? የሠራውን ሙከራ በደብተሩ ላይ ማየት እችላለሁ?

• ሙከራውን የሚሠሩት ተማሪዎቹ ናቸው ወይስ መምህሩ ሲሠሩ ያያሉ?

• ከሳይንስ ማርኩ ውስጥ ለተግባር ሥራ የተያዘው ስንት ነው?

• ልጄ ያልገባውን ነገር በአማርኛ ወይም በሌላ በሚናገረው ቋንቋ መጠየቅ ይፈቀድለታል?

• የሳይንስ መምህራኑ የተመረቁት በሚያስተምሩት ትምህርት ነው? ሥልጠናስ ያገኛሉ?

በጉብኝት ቀን ቤተ ሙከራውን ሲያሳዩዎት ደግሞ ጠርሙሶቹን ሳይሆን አቧራውን ይመልከቱ። የሚሠራበት ቤተ ሙከራ የተቃጠለ ጠረጴዛና የተሰበረ ቱቦ አያጣውም።

በቤትዎ

አስጠኚ ከመቅጠርዎ በፊት ቤትዎ ያለውን ይጠቀሙበት። ሊጡ ሲቦካ አረፋው ከየት እንደመጣ ይጠይቁት። እርሾው ውስጥ ያሉት በዓይን የማይታዩ ሕያዋን ዱቄቱን ሲመገቡ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃሉ፤ የእንጀራው ዓይን ያ ጋዝ ሲወጣ የተወው ቀዳዳ ነው። እንቁላል በንጹሕ ውሃ ውስጥ ይስጠም፤ ጨው እየጨመሩ ሲያማስሉት ይንሳፈፋል። ባቄላ በእርጥብ ጥጥ ላይ ይብቀል፤ ልጁ በየቀኑ በማስመሪያ ይለካው።

ግቢ ወይም በረንዳ ካለዎት አንድ ቀጥ ያለ እንጨት አቁመው ጥላውን ቀን 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ላይ ምልክት ያድርጉበት። አዲስ አበባ ላይ በታኅሣሥ ጥላው ወደ ሰሜን ይወድቃል፤ በሰኔ ፀሐይ ከወጣች ወደ ደቡብ። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያ ሳምንትና በነሐሴ መጨረሻ አካባቢ፣ ፀሐይ ከአናታችን ላይ ስለምትሆን ጥላው ይጠፋል ማለት ይቻላል። ይህን በዓይኑ ያየ ልጅ ምድር ዘንበል ብላ ፀሐይን እንደምትዞር ሲማር መሸምደድ አያስፈልገውም።

ቅዳሜና እሑድ ደግሞ በ2015 የተከፈተውን የሳይንስ ሙዚየም ወይም የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከልን አብራችሁ ጎብኙ። ሲመለስ “ምን አየህ?” ሳይሆን “ምን ጠየቅህ?” ይበሉት።

ከሁሉም በላይ ግን የሚያሞግሱትን ነገር ይምረጡ። ኮሙኒኬሽን ቡክ ስንከፍት ዓይናችን የሚሄደው ወደ ቁጥሩ ነው፤ ልጁም ይህን ያያል። “ስንት አመጣህ?” ከሚለው በፊት “ዛሬ ያልገባህ ምንድን ነው?” ቢሉት፣ አለማወቅ የሚያሳፍር ሳይሆን የሚጀመርበት ቦታ መሆኑን ይማራል።

ወደ ድስቱ እንመለስ

ውሃው አሁንም እየፈላ ነው፤ ቴርሞሜትሩም 92 ላይ ቆሟል። ልጅዎ ግራ ተጋብቶ ያይዎታል። “አባዬ፣ መጽሐፉ እኮ መቶ ነው የሚለው። ፈተና ላይ ምን ልጻፍ?”

ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም። ነገ ፈተና ላይ 92 ብሎ ቢያጠቁር ሊሳሳት ይችላል። እውነተኛው የትምህርት ፖሊሲ ጥያቄም ይኸው ነው፦ ያየውን የለካ ልጅ ለምን በፈተናው ይጎዳል? የሚያሸልመው ፈተና መቼ ነው የሚመጣው? ያ ፈተና እስኪመጣ ለልጅዎ እውነቱን ይንገሩት። “መጽሐፉ ልክ ነው፣ አንተም ልክ ነህ። መጽሐፉ የተናገረው ስለ ባሕር ዳርቻ ነው፤ አንተ የለካኸው አዲስ አበባ ላይ ነው። ነገ ክፍል ውስጥ እጅህን አውጣና ለመምህርህ ንገራቸው።”

ምናልባት መምህሩ ይገረማሉ። ምናልባትም በሚቀጥለው ቀን ቴርሞሜትር ይዘው ይገባሉ። አርባ ልጆች በአንድ ድስት ዙሪያ ቆመው ሲለኩ ይታይዎት። የዚያ ክፍል ልጆች 12ኛ ክፍል ሲደርሱ የሚፈሩት ፈተና ያንሳል።